ግጥሙ የማን ነው? በቆቦ የጨዋታ ቤቶች ስለሚገኘው የታደሰ የእግር ኳስ ጨዋታ

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ በሕዝብ መካከል ዕድሜ የሚያገኘው ሕዝቡ ሲገለገልበት፣ ከኑሮው ጋር ሲያስማማው፣ ያረጀበትን ሲጥልና የጎደለውን ሲጨምርበት ነው። ይህ አባባል ስለ ሥነ ቃል በተነገረ ቁጥር ሁላችንም ራሳችንን ነቅንቀን እንቀበለዋለን። ቀረርቶውን፣ ፉከራውን፣ የሠርግ ዘፈኑን በዚህ ዓይን መመርመርም ለምደናል። ይኸው የአሠራር ሥርዓት በኤሌክትሪክ መሣሪያ ውስጥ ሲገኝ ግን ነገሩን «የልጆች ጨዋታ» ብለን እናልፈዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የታለፈውን ነገር ወደ ሂስ መድረክ ማቅረብ ነው። ይኸውም ፋብሪካው ከተዋቸው ከዐሥር ዓመት በላይ የሆናቸውን የእግር ኳስ ቪዲዮ ጨዋታዎች አፍቃሪዎቻቸው እያደሱ በሕይወት የማቆየታቸው ጉዳይ ነው።

የሂስ ተግባር በመጽሐፍና በቲያትር ቤት አጥር ውስጥ ተወስኖ መቅረት የለበትም። የአንድ ከተማ ወጣት የዕረፍት ሰዓቱን በምን እንደሚያሳልፍ ያልጠየቀ ሐያሲ፣ ስለ ወጣቱ ስሜትና ቋንቋ የሚሰጠው ፍርድ በግምት ላይ የቆመ ይሆናል።

ቦታውና መሣሪያው

ቆቦ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የደጋው ግድግዳ ያጥራታል፤ በመካከሉ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል። እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ በቆቦም የጨዋታ ቤቶች አሉ። ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የሱቅ ክፍል ነው፤ ፀሐዩን ለመከላከል በበሩ ላይ መጋረጃ ይጣላል፤ ከግድግዳው ሥር ቴሌቪዥኖች፣ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበሮች ይደረደራሉ። ሁለት ወጣቶች ጆይስቲክ ይዘው ይጋጠማሉ፤ የቀሩት ተራ ይጠብቃሉ፤ ሂሳቡን ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ተሸናፊው ነው። ከዚህ ቀደም ይህን የመሰባሰቢያ ቦታ ይዞ የኖረው ጆተኒ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀም።

በእነዚህ ቤቶች ለረጅም ዘመን የነገሠው መሣሪያ ፕሌይስቴሽን 2 ነው። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ይህን መሣሪያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ ከ150 ሚሊዮን በላይ ከሸጠ በኋላ በ2013 መባቻ ማምረቱን አቁሟል። በመሣሪያው ላይ ከሚጫወቱት የእግር ኳስ ጨዋታዎች መካከል በእኛ ወጣቶች ዘንድ ስሙ የገነነው፣ ኮናሚ የተባለው ሌላ የጃፓን ኩባንያ የሠራው «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር»፣ በአጭሩ «ፔስ» ነው። ስድስተኛው ፔስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ለዚህ መሣሪያ የተሠራው የመጨረሻው ፔስ ደግሞ በ2013 መጨረሻ ላይ «2014» የሚል ቁጥር ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው በሩን ዘግቷል።

በንግድ ሕግ ቢሆን ኖሮ የጨዋታው ታሪክ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ዳሩ ግን አላበቃም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 የተወለደው የባርሴሎናው ላሚን ያማል፣ እሱ ከመወለዱ በፊት በወጣው ፔስ 6 ላይ ዛሬ መለያ ለብሶ ይሮጣል። ይህን ተአምር የሠራው ኮናሚ አይደለም። በልዩ ልዩ አገሮች ተበትነው የሚገኙ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ አብዛኞቹም ስማቸው የማይታወቅ የጨዋታው አፍቃሪዎች ናቸው። የጨዋታ ቤቶቹ ቋንቋ ሥራቸውን «አፕዴት» ይለዋል፤ እኛ ሥራውን እድሳት፣ ሠሪዎቹን አዳሾች እንላቸዋለን።

የእድሳቱ ቅርጽ

አንድን ሥራ ከመተቸት በፊት እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ግድ ነው። በጨዋታው ዲስክ ውስጥ ስሞች፣ መልኮች፣ መለያዎች፣ የስታዲየም ሥዕሎችና ድምፆች በትልልቅ መዝገቦች ታጭቀው ተቀምጠዋል። አዳሾች ይህን መዝገብ የሚከፍት መሣሪያ ራሳቸው ሠሩ፤ አሮጌውን ሥዕል አውጥተው አዲሱን አስገቡ፤ መዝገቡን መልሰው ዘጉ፤ በባዶ ዲቪዲ ላይም ቀዱት። ከዚህ የቀለለ ሌላ መንገድም አለ። ጨዋታው ራሱ ተጫዋቹ ስምንና መለያን እንዲለውጥ የሚፈቅድ ክፍል ስላለው፣ ለውጡ 8 ሜጋ ባይት ብቻ በምትይዝ ሜሞሪ ካርድ ላይ ይቀመጣል። አንዱ የደከመበትን ሌላው ገልብጦ ይወስዳል። ቆይቶም ጨዋታውን ከፍላሽና ከሃርድ ዲስክ የሚያስነሡ ፕሮግራሞች በመሠራታቸው፣ የመሣሪያው የዲስክ ማንበቢያ ዓይን ሲደክም እንኳ ጨዋታው አይቆምም።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለሥነ ጽሑፍ ሰው እንግዳ ያልሆኑ ሁለት ባሕርያት አሉ። የመጀመሪያው ልክ ነው። በአሮጌው ጨዋታ ውስጥ የክለቦችና የተጫዋቾች ቦታ ቁጥሩ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። አንድ ክለብ የሚገባው ሌላ ክለብ ሲወጣ ነው፤ ረጅም ስም በተፈቀደው የፊደል ቁጥር ውስጥ ማጠር አለበት። ገጣሚ ቤት ለመምታትና ምጣኔ ለመጠበቅ የሚያደርገውን ትግል አዳሹም በራሱ መስክ ያደርገዋል። ማን ይውጣ? ማን ይግባ? ይህ የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ምርጫ ባለበትም አስተሳሰብ አለ።

ሁለተኛው ፍርድ ነው። በፔስ 6 የእያንዳንዱ ተጫዋች ፍጥነት፣ ጉልበት፣ የኳስ ቁጥጥር፣ የምት ኃይልና ሌላውም ችሎታ እስከ 99 በሚደርስ ቁጥር ይገለጻል። አዳሹ አዲስ ተጫዋች ሲያስገባ እነዚህን ቁጥሮች አንድ በአንድ መስጠት አለበት። ስለዚህ ተጫዋቹን ማየት፣ ከሌሎች ጋር ማነጻጸር፣ ድካሙንና ብርታቱን መመዘን ይኖርበታል። የክለቡ ፍቅር አሸንፎት ለሁሉም 99 ቢሰጥ ጨዋታው ጣዕም ያጣል፤ ተጫዋቾችም ዲስኩን ይጥሉታል። እንዲህ ያለውን በሕዝብ ፊት የሚፈተን የምዘና ሥራ ከሂስ በስተቀር ምን እንለዋለን?

በራያ ምድር ጉማዬ ሲዘፈን የተመለከተ ሰው የእድሳትን ምንነት ለመረዳት አይቸገርም። ዜማውና የእግሩ እርምጃ የቆየ ነው፤ ግጥሙ ግን በየድግሱና በየዘመኑ ይለወጣል። የአምናው ጀግና ስም ወጥቶ የዘንድሮው ይገባል። ዜማው አርጅቷል ብሎ የሚጥለው የለም፤ ባለጉዳዩ የራሱን ቃል እስካገኘበት ድረስ ዜማው ሁልጊዜ አዲስ ነው። የቆየው ጨዋታም እንደ ዜማው ነው። የኳሱ አካሄድ፣ የተጫዋቹ መዞር፣ የግቡ አቆጣጠር በ2006 የነበረው ነው፤ በላዩ የሚቀመጠው የስምና የመልክ ግጥም ግን በየዓመቱ ይገጠማል።

ስለምን ቆየ?

«አዲስ ጨዋታ እያለ አሮጌውን ማደስ የድህነት ውጤት ነው» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ አዲሱ መሣሪያ ለአንድ የጨዋታ ቤት ባለቤት ከባድ ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ማብራሪያ ብቻውን አይበቃም። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ፔስ የሚለውን ስም ጥሎ «ኢፉትቦል» በሚል አዲስ ስም በነፃ ያወጣው ጨዋታ፣ በወጣበት ሰሞን በዓለም ታዋቂ በሆነው የኮምፒዩተር ጨዋታ መሸጫ ላይ እጅግ ዝቅተኛ ግምገማ ከተሰጣቸው ጨዋታዎች አንዱ ሆኖ ነበር። በነፃ የቀረበውን ትተው ወደ አሮጌው የተመለሱት ብዙዎች ድሆች አልነበሩም።

ዋናው ጉዳይ ሥልጣን ነው። የዛሬዎቹ ጨዋታዎች አብዛኛው ክፍላቸው ከኩባንያው ማዕከል ጋር በኔትወርክ መገናኘትን ይጠይቃል፤ ማዕከሉ ሲዘጋ ያ ክፍል ይሞታል። የአሜሪካው ኢኤ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2023 ከፊፋ ጋር የነበረው የስም ውል ሲያበቃ ቀደምት የፊፋ ጨዋታዎቹን ከኤሌክትሮኒክ መሸጫዎች አንሥቷል። አሮጌው ዲስክ ግን የሚፈልገው መብራት ብቻ ነው። የራያ ቆቦ ሰው የዚህን ልዩነት ትርጉም በመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ደጋግሞ የረገጣት ከተማ ናት፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. አንሥቶም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሩቅ ማዕከል ፈቃድ የሚጠብቅ ጨዋታ ዲዳ ይሆናል። በእጅ ያለ፣ ከጓደኛ በፍላሽ የሚገለበጥ፣ ማንም ከሩቅ ሊያጠፋው የማይችል ሥራ ግን ይቀራል። ይህ ለእኛ ለጽሑፍ ሰዎችም ትምህርት አለው።

የስም ጥያቄ

የእድሳቱ መነሻ ስም መሆኑን ልብ ይሏል። በእነዚያ ዓመታት ኮናሚ በብዙዎቹ የእንግሊዝ ክለቦች እውነተኛ ስም የመጠቀም ፈቃድ አልነበረውም። ስለሆነም በአንዳንዶቹ እትሞች ማንቸስተር ዩናይትድን «ማን ሬድ»፣ ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ሬድ» እያለ ያቀርብ ነበር። ደጋፊው ይህን ሊታገሥ አልቻለም። የሚወደው ቡድን በሐሰት ስም ሲጠራ ማየት እንደ ስድብ ቆጠረው። የመጀመሪያዎቹ አዳሾች እጃቸውን ያነሡት ይህን ሐሰት ለማረም ነው፤ የተጫዋች ዝውውርን መከታተልና አዲስ መለያ መሣል ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

እንግዲህ በቆቦ ስላሉት ዲስኮች የምሰጠው ፍርድ ከዚህ ይነሣል። ማንቸስተር በትክክለኛ ስሙ እንዲጠራ የሚከራከር የቆቦ ወጣት፣ በዚያው ዲስክ ላይ የራሱ አገር ስም እንደሌለ አስተውሏልን? ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች። በፔስ 6 የብሔራዊ ቡድኖች ዝርዝር ውስጥ ግን የለችም። በ2009 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊጉ የተጫወተው፣ ከቆቦ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ብቻ የሚርቀው የወልድያ ክለብም ባየኋቸው ዲስኮች በአንዱም ላይ የለም። እድሳቱ እስከ ዛሬ ከሌላ አገር ተሠርቶ የሚመጣልን ነው፤ እኛ እንገለብጠዋለን፣ እንጫወተዋለን፣ እንከፍልበታለን። ዜማውም ግጥሙም የሌላ ሲሆን የእኛ ድርሻ ማጨብጨብ ብቻ ይሆናል።

ከስሙ በላይ ያሳሰበኝ ደግሞ ድምፁ ነው። የቲያትር ሰው በመሆኔ ጆሮዬ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነው። በእንግሊዝኛው ፔስ 6 ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ ፒተር ብራክሊ ነው፤ ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2018 አርፏል። ድምፁ ግን በአሮጌው ዲስክ ውስጥ ይኖራል። አዳሹ የአዲሱን ተጫዋች ስም በጽሑፍ ማስገባት ይችላል፤ ያን ስም ብራክሊ ተናግሮት ስለማያውቅ ግን ሊጠራው አይችልም። ተጫዋቹ ግብ ሲያስቆጥር ጋዜጠኛው በደስታ ይጮኻል፤ ስሙን ግን ይዘለዋል። በጽሑፍ ያለ፣ በአንደበት የሌለ ስም! የታደሰው ዲስክ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ፊቱ የዘንድሮ፣ አንደበቱ የዛሬ ሃያ ዓመት ነው። ይህ ጉድለት በየትኛውም አገር ላለ አዳሽ የጋራ ቢሆንም፣ ለእኛ ግን ድርብ ነው፤ ምክንያቱም ድምፁ አሮጌ ብቻ ሳይሆን የእኛ ቋንቋም አይደለም።

ጉድለቱ የማይሞላ እንዳልሆነ ብራዚላውያን አሳይተዋል። «ቦምባ ፓች» የተባለው እድሳት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በዚሁ በኮናሚ የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታ ላይ ሲሠራ የቆየ ነው። የብራዚል ክለቦችን ካስገባ በኋላ በዚያ አላቆመም። የጨዋታው አስተላላፊ በብራዚላውያን ፖርቱጋልኛ እንዲናገር፣ በምርጫ ገጾቹም የሰፈራቸው ሙዚቃ እንዲሰማ አድርጓል። የጃፓን መሣሪያና የጃፓን ጨዋታ ሆኖ ሳለ አንድ ብራዚላዊ ልጅ «የኛ ጨዋታ» ብሎ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። እኛም ድምፅ አላጣንም። እግር ኳስን በሬዲዮ በአማርኛ የማስተላለፍ ጥበብ እነ ሰለሞን ተሰማ ያስተማሩን፣ አድማጭ ሜዳውን በጆሮው እንዲያይ ያደረገ የቃል ሙያ ነው። ያ ሙያ ዛሬም በኤፍ ኤም ጣቢያዎች በየቀኑ ይሰማል። የጨዋታ ቤቱ ተመልካችም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የተሳተውን ኳስ ይተርባል፤ አሸናፊውን ያወድሳል፤ ተሸናፊውን በግጥም ይወጋል። ከቴሌቪዥኑ የሚወጣው ድምፅ እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ በቤቱ ውስጥ ያለው እውነተኛ ዘገባ በቆቦ አማርኛ የሚነገረው ነው። የቀረው ነገር ይህን ድምፅ መቅዳት ብቻ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

መምህራን «የጨዋታ ቤቱ ተማሪውን ከትምህርት ያስቀራል፤ ውርርድም ያለማምዳል» ይላሉ። ተቃውሞው ተገቢ ነው። በትምህርት ሰዓት የተከፈተ የጨዋታ ቤትም ሆነ በገንዘብ የሚደረግ ውርርድ ሊደገፍ አይችልም። ነገር ግን የመጫወትና የማደስ ልዩነት መታየት አለበት። ተጫዋቹ የሌላውን ሥራ ተጠቃሚ ነው፤ አዳሹ ሠሪ ነው። አንድ የክለብ ዝርዝር የሚያድስ ተማሪ ስምን በትክክል መጻፍ፣ ቁጥር ማመዛዘን፣ ሥዕል መሣል፣ የኮምፒዩተር መዝገብ መክፈትና መዝጋት ይማራል። ተማሪውን ከተጠቃሚነት ወደ ሠሪነት ማሸጋገር የመምህሩ ሥራ ነው፤ በሩን መዝጋት ብቻ ግን ልጁን ወደ ሌላ በር ይልከዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከእኛ ከደራስያን ወገን የሚመጣ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ላብ ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ነው። መጽሐፉ ያለ ፈቃዱ ሲባዛ የሚጮኽ ደራሲ፣ የሌላው ጨዋታ ሲገለበጥ ማጨብጨብ ይችላልን? አይችልም። የኩባንያውን ጨዋታ እንዳለ ቀድቶ የራስ አስመስሎ መሸጥ ስርቆት ነው፤ የደከመበትን አዳሽ ስም ፍቆ መሸጥም እንዲሁ። ሆኖም ስሞቹ፣ የተሣሉት መለያዎች፣ የተቀዳው ድምፅ የአዳሹ የራሱ ድካም ውጤት ናቸው። በዓለም ያሉ ጥንቁቅ አዳሾች የጨመሩትን ክፍል ብቻ ለይተው ያሠራጫሉ፤ ተቀባዩም በእጁ ባለው ጨዋታ ላይ ይጭነዋል። ለእኛም የሚያዋጣው ይህ መንገድ ነው፤ የሌላውን መብት ያከብራል፤ የራሳችን የሆነውንም ለይቶ ያሳያል።

ምን ይደረግ?

ጉዳዩ ትልቅ ካዝና አይጠይቅም። በቆቦ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ጥቂት ፈቃደኛ ወጣቶችና አንድ የሚያስተባብራቸው መምህር ቢገኙ ሥራው ይጀመራል። በመጀመሪያ የወልድያና የአካባቢው ቡድኖች ተጫዋቾች ስም ተሰብስቦ፣ በጨዋታው የላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ ይበጅለት። የቡድን መለያዎችም ይሣሉ። በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 25,155 ተመልካች የሚይዘው የወልድያው ስታዲየም በአሮጌው ስታዲየም ላይ እንደ ልብስ ሊለበስ ይችላል። ይህን የሠዓሊ እጅ ይሥራው።

ቀጥሎ ድምፁ ይቀዳ። ይህ የገጣሚና የተዋናይ ሥራ ነው። ጨዋታው የሚጠቀመው በአጫጭር የተቆራረጡ ዐረፍተ ነገሮች ነው፤ «አገባው!»፣ «ወጣች!»፣ «ምን ዓይነት ኳስ ነው!» የሚሉትን የመሰሉ። አዲሱ ቃል በአሮጌው ቃል ርዝመት ልክ እንዲሆን ሲፈለግ በአንዲት ትንፋሽ ሙሉ ስሜት መያዝ አለበት፤ ይህም ማንኛውም ጸሐፌ ተውኔት የሚያውቀው ፈተና ነው። የጉማዬ ዜማም በምርጫው ገጽ ላይ ይሰማ፤ ዘፋኞቹም ተፈቅደውና ስማቸው ተጠቅሶ ይሁን። በመጨረሻም ማን ምን እንደሠራ፣ መቼ እንደሠራ በዲስኩ ላይ ይጻፍ፤ አንድ ቅጂም በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። የሥነ ቃላችን ብዙ ባለቤቶች ስማቸው ሳይመዘገብ አልፏል፤ ይህን ጥፋት በአዲሱ ጥበብ ላይ መድገም የለብንም።

የባህል ካድሬው ወጣቱን ለስብሰባ ሲጠራ አዳራሹ ባዶ ሆነ ብሎ ከማማረሩ በፊት ወጣቱ ወዳለበት ይሂድ። እዚያም ማንም ሳያዘውና ማንም ሳይከፍለው ያረጀን ነገር ተንከባክቦ የሚያቆይ ትጋት ያገኛል። ይህ ትጋት እስከ ዛሬ የሌሎችን ስም ሲያድስ ኖሯል። የራሱን ስም እንዲጽፍበት፣ ጽፎም በራሱ አንደበት እንዲጠራው ማገዝ የመምህሩ፣ የአርቲስቱና የባህል ሠራተኛው የጋራ ግዴታ ነው።